ጊታር ለጀማሪ፦ ከኮርድ በፊት ትዝታ

የሙዚቃ ክበባችን በየዓመቱ መስከረም ላይ ይሞላል። «ጊታር መማር የሚፈልግ?» ሲባል እጁን የማያወጣ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ገና ሲደርስ ግን ወንበሮቹ መሳሳት ይጀምራሉ። ክበቡን የሚተዉት ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ስንጠይቃቸው የሚሰጡን መልስ ተመሳሳይ ነው፦ ጣታቸውን ያማቸዋል፣ የሚጫወቱት ነገርም ዘፈን ዘፈን አይልም። በመጪው መስከረም ለሚጀምሩት ተማሪዎች፣ እንዲሁም ልጃቸው «ጊታር ግዙልኝ» እያለ ለሚያስቸግራቸው ወላጆች እንዲረዳ፣ ክፍላችን የሚጀምርበትን መንገድ በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ ልንጽፈው ወደድን።

ጊታርን ብቻውን ከስልክ የሚማር ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከኮርድ ነው። ኮርድ የምንለው ሦስትና ከዚያ በላይ የተለያዩ ድምፆች ባንድ ጊዜ ሲሰሙ ነው። አንድ ክር በቅጡ መጫን ያልለመደ እጅ፣ ሦስት ጣት በሦስት ክር ላይ ባንድ ጊዜ እንዲያሳርፍ፣ ከዚያም ምቱን ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ኮርድ እንዲዘል ይታዘዛል። ፊደል ያልቆጠረን ልጅ ዳዊት ድገም እንደማለት ነው። ዘፈኑም አብዛኛውን ጊዜ እናቱም አያቱም የማያውቁት ስለሆነ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ቤት ውስጥ የለም።

እኛ ከኮርድ አንጀምርም። የምንጀምረው ከትዝታ ነው፤ ያውም አንድ ድምፅ ባንድ ጊዜ፣ ክራር እንደሚደረደረው።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። አምስት ድምፅ ለጀማሪ እጅ ተመጥኖ የተሰጠ ያህል ነው። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው አምስት ስድስት ክር ባላት ክራርና በገዛ ድምፃቸው ነው፤ ኋላም እነ ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ውስጥ ቅኝቶቹን በኤሌክትሪክ ጊታር አስደምጠውናል። ስለዚህ መንገዱ የተጠረገ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚህ ናይሮቢ ተወልዶ አማርኛው ትንሽ የሚሰበር ልጅ እንኳ ትዝታን በጆሮው ያውቀዋል፤ በሠርግ፣ ቡና ሲፈላ፣ በአባቱ መኪና ውስጥ ሰምቶታል። ጣቱ ሲስት ጆሮው ይነግረዋል። አስተማሪው ማክሰኞ ማታ ቤቱ አይገኝም፤ ጆሮው ግን አለ። እናቱም ከወጥ ቤት ሆና «እዚያ ጋ አበላሸህ» ትለዋለች።

የምንኖርባት ሀገር በዚህ መንገድ ቀድማናለች። በምዕራብ ኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩት ሉዎች ኒያቲቲ የሚባል ባለ ስምንት ክር መሣሪያ አላቸው። ሲያዩት የክራር ዘመድ መሆኑ ያስታውቃል፦ ከታች የድምፅ ማስተጋቢያ፣ ሁለት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ የተጋደመ እንጨት። ተጫዋቹ ዝቅ ብሎ ይቀመጥና በእግሩ አውራ ጣት ያጠለቀውን የብረት ቀለበት ከመሣሪያው እንጨት ጋር እያጋጨ ምቱን ራሱ ይጠብቃል። ጊታር ወደ አካባቢው ሲገባ የሉዎ ወጣቶች የኒያቲቲውን አደራደር ወደ ጊታሩ አዛወሩት፤ ከዚያ ካደጉት ሙዚቃዎች ዋናው ቤንጋ ነው። በማታቱ ስንሳፈር የምንሰማው፣ ጊታሩ አንድ በአንድ እየተለቀመ ያለማቋረጥ የሚንቆረቆርበት ሙዚቃ ማለታችን ነው። ዲ ኦ ሚሲያኒ ከሺራቲ ጃዝ ባንዱ ጋር በዚህ ስልት ታዋቂ ሆኗል። ኒያቲቲውን ራሱን ለመስማት የሚፈልግ የአዩብ ኦጋዳን ሥራዎች ያድምጥ። እኛም ተማሪዎቻችንን አንድ ቤንጋ፣ ቀጥሎ አንድ የክራር ዘፈን እናሰማቸዋለን። ሁለቱም ዘንድ ዜማው በጣት አንድ በአንድ ሲለቀም ስለሚሰሙ፣ ከዚያ በኋላ «ኮርዱን መቼ ነው የምንማረው?» የሚለው ጥያቄ ይቀንሳል።

ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። የናይለን ክር ያለው ጊታር ጣት ላይ ይለዝባል፤ ለጀማሪ የምንመርጠውም እርሱን ነው። አንገቱ ሰፊ ስለሆነ ግን ለትንንሽ እጆች ሦስት ሩብ የሚባለውን አነስተኛ መጠን ፈልጉ። በናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር አይታሰርም፤ የብረት ክር ውጥረቱ ከባድ ስለሆነ ክሮቹ የታሰሩበትን ድልድይ ከነማጣበቂያው ሊነቅለው ይችላል። ሱቅ ውስጥ ስትመርጡ ቀለሙንና ጌጡን ተዉትና በአንገቱ ላይ የተጋደሙትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት የሚባሉትን፣ ከራሱ በኩል ጀምራችሁ ቁጠሩ። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ይውላል። እዚያ ቦታ ላይ ክሩ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደራቀ ተመልከቱ፤ በብረት ክር ከ3 ሚሊ ሜትር፣ በናይለን ከ4 ሚሊ ሜትር ብዙ ካለፈ ልጁ ሙዚቃ ሳይሆን የጣት ቅጣት ነው የምትገዙለት። ቀጥሎ ክሩን ሳትጫኑ ምቱት፣ ከዚያም 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት፤ ሁለተኛው ድምፅ የመጀመሪያው ራሱ ሆኖ አንድ እርከን ከፍ ያለ መሆን አለበት። ካልሆነ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ለሌላ ሰው ተዉለት። ጆሮ ያለው ዘመድ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቅኝት፣ እንግባ። ብዙ ጀማሪ ጊታሩን የሚተወው ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ይመስለዋል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጊታሩ ያልተቃኘ ስለሆነ ነው። ባልተቃኘ ጊታር ላይ ጣት በትክክለኛው ቦታ ቢያርፍም ድምፁ የተሳሳተ ይወጣል፤ ልጁም ትክክሉን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። በክፍላችን ሳይቃኝ የሚጀመር ትምህርት የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች የሚያልፉት በመቃኘት ብቻ ነው፤ አሰልቺ ነው የሚሉን አሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ክሮቹ የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ነው፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ። ከወፍራሙ ስንነሳ ስማቸው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። በስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ ቢኖርም እኛ የምንጠቀምበት ለአንድ ክር ብቻ ነው፤ 5ኛውን ክር ኤ ላይ እናደርሰዋለን፤ በሴኮንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። የቀሩትን በጆሮ። 6ኛው ክር 5ኛ ፍሬቱ ላይ ሲጫኑት ከባዶው 5ኛ ክር ጋር አንድ ድምፅ መስጠት አለበት። 5ኛው ክር 5ኛ ፍሬቱ ላይ ከባዶው 4ኛ ክር ጋር፣ 4ኛውም እንዲሁ ከባዶው 3ኛ ጋር። 3ኛው ላይ ስንደርስ ልማዱ ይፈርሳል፤ ከባዶው 2ኛ ክር ጋር የሚገጥመው 4ኛው ፍሬት ነው። 2ኛው ክር ላይ እንደገና ወደ 5ኛው ፍሬት እንመለሳለን። ሁለቱ ድምፆች ሲቀራረቡ ግን ገና ሳይገጥሙ፣ «ዋው ዋው ዋው» የሚል መንቀጥቀጥ ይሰማል። መንቀጥቀጡ እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ገጥመዋል ማለት ነው። ይህን መንቀጥቀጥ አንድ ጊዜ የሰማ ልጅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ክሩ ካለፈበት ቁልፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ ከሚፈለገው ዝቅ አድርጉና ከታች ወደ ላይ አምጡት፤ ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር ቶሎ ይረግባል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። በአማርኛ «ቅኝት» የምንለው ሁለት ነገር ነው፦ ክር ማስተካከልንም፣ የዜማውን ዓይነትም። ክራር ላይ ሁለቱ በእርግጥ አንድ ናቸው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ክራር ደርዳሪው ክሮቹን ራሳቸውን ይቀይራቸዋል። ጊታር ላይ ግን ክሩ እንደተቃኘ ይቀመጣል፤ ቦታ የሚቀይረው ጣት ነው። ክራር የምትደረድር አክስት ያለቻቸው ልጆች መጀመሪያ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው፤ የጊታሩን ቁልፍ ማዞር ይጀምራሉ።

አቀማመጡን አናጠብቀውም። ጀርባ ቀና፣ ትከሻ ልል፣ የጊታሩ አንገት ወደ መሬት ሳይሆን ትንሽ ወደ ላይ። የግራ አውራ ጣት ከአንገቱ ኋላ ያርፋል። ክሩን የምንጫነው በጣት ጫፍ፣ ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ተጠግተን ነው፤ ብረቱ ላይ ከወጣን ድምፁ ይታፈናል፣ ከብረቱ ብዙ ከራቅን ይንጣጣል። ተጠግቶ የሚጫን ሰው ግማሽ ጉልበት ይበቃዋል። የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጥ። ግራኝ ተማሪ ሌላ ጊታር እስኪያገኝ በያዘው ቢጀምር አንከለክልም፤ ሁለቱም እጅ ሥራ አለውና።

እንግዲህ ትዝታ። 3ኛውን ክር ሳትጫኑ በቀኝ አውራ ጣታችሁ ምቱ፤ ይህ ጂ ነው፤ «ቤት» እንለዋለን። እዚያው ክር ላይ 2ኛውን ፍሬት በመሃል ጣት ተጭናችሁ ምቱ፤ ኤ። 2ኛውን ክር ባዶውን ምቱ፤ ቢ። እዚያው ክር ላይ 3ኛው ፍሬት በቀለበት ጣት፤ ዲ። 1ኛው ክር ባዶውን፤ ኢ። እዚያው 3ኛው ፍሬት በቀለበት ጣት፤ ጂ እንደገና፣ አንድ እርከን ከፍ ብሎ። ይኸው ሜጀር ትዝታ። ከስድስቱ ምቶች ሦስቱ ባዶ ክር ናቸው፤ ለቀሩት ሁለት ጣት ይበቃል። የሌላ ሀገር መጻሕፍት ይህንኑ ሜጀር ፔንታቶኒክ ይሉታል፤ ልጆቻችን የዓለምን ሙዚቃ የሚጫወቱበትን በር በትዝታ በኩል ከፈቱት ማለት ነው።

ወጥታችሁ ውረዱ፤ ከዚያ በ4ኛው ክር ወደ ታች ቀጥሉ፤ 2ኛው ፍሬት ኢ፣ ባዶው ዲ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ወደ ቤት። ለአንድ ሳምንት ከዚህ ሌላ አትሥሩ። በሁለተኛው ሳምንት ዓይናችሁን ከጣታችሁ ላይ አንሡ። በሦስተኛው ሳምንት የምታውቁትን የትዝታ ዜማ አንድ ሐረግ ብቻ፣ አንድ ትንፋሽ የምታህለውን፣ መጀመሪያ በአፍ አንጎራጉሩ፣ ቀጥሎ በክሩ ላይ ፈልጓት። ከወረቀት አንሰጥም። ድምፁን ፈልጎ ያገኘ ልጅና የፍሬት ቁጥር አንብቦ የመታ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሐረግ ሳይነግሩት ይዞ ይመጣል።

የትዝታ ዜማ ሲዘፈን ድምፁ ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል። ጊታር ፍሬት ስላለው እንደ ማሲንቆ አይንሸራተትም። ቢሆንም ጣት ክሩን እንደተጫነ ወደ ጎን ቢገፋው ድምፁ ትንሽ ይነሳል፤ ባዶውን ክር መትቶ ወዲያው ፍሬቱን በጣት ቢኮረኩሙት ድምፁ ይያያዛል። እነዚህን ሁለቱን ለወር ያህል ያቆዩአቸው፤ ጣፋጭ ስለሆኑ ልጆች ዜማውን ትተው በእነርሱ ብቻ መጫወት ያበዛሉ።

ሜጀሩ ሲለመድ ማይነር ትዝታ ሩቅ አይደለም። ሁለት ድምፆች ብቻ ግማሽ ግማሽ ደረጃ ይወርዳሉ። ባዶው ቢ ቀርቶ በምትኩ 3ኛው ክር 3ኛ ፍሬቱ ላይ ይጫናል፤ ባዶው ኢ ቀርቶ በምትኩ 2ኛው ክር 4ኛ ፍሬቱ ላይ በትንሿ ጣት ይጫናል። ሌላው ሁሉ ባለበት ነው። ሁለቱን አከታትሎ መጫወት ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያስተምራል። ባለፈው የወላጆች ቀን የ7ኛ ክፍል ተማሪያችን ይህንኑ ስታሳይ፣ ማይነሩ ላይ ስትደርስ ከኋላ ወንበር እናቷ ማንጎራጎር ጀመሩ። ድምፃቸው ከጊታሩ ጂ ከፍ ይል ስለነበር አልገጠመም። ክራር ቢሆን ለዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል፤ ጊታር ላይ ግን ይህን የሚሠራው ካፖ ነው፤ አንገቱን ጨምድዶ ሁሉንም ክር ባንድ ጊዜ የሚጫን መቆንጠጫ። ልጅቱ ካፖውን 3ኛው ፍሬት ላይ አሰረችና ያንኑ የጣት አቀማመጥ ከካፖው ጀምራ ቆጥራ ቀጠለች፤ እናትየውም ሁለት ስንኝ ዘፈኑ። ልጅቱ ከዚያ በፊት እናቷ ሲዘፍኑ ሰምታ እንደማታውቅ የነገረችን በማግስቱ ነው። አሁን ቤት ውስጥ እየጠየቀቻቸው የምታመጣቸውን ዜማዎች ከኛ ውስጥ ማንም አያውቃቸውም።

ምትን በተመለከተ፣ ጊታሩን አስቀምጡና አጨብጭቡ። ቺክቺካ በስድስት ይቆጠራል፤ አንድና አራት ላይ ይከብዳል። እግር አንድና አራትን ይምታ፣ እጅ ስድስቱንም። የኒያቲቲው ተጫዋች የብረት ቀለበቱን በእግሩ የሚያጠልቀው ለዚህ ነውና እኛም እግራችንን እናሠራዋለን። ዝግተኛው ትዝታ ግን በነፃነት የሚሄድ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ምት አናስይዘውም።

ኮርድ የሚመጣው በሁለተኛው መንፈቅ ነው፤ ሲመጣም አያስፈራም። አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ እንምታ። 1ኛው ክር 3ኛ ፍሬቱ ላይ ሲጫን፣ ሌሎቹ ባዶ ሆነው ጂ ሜጀር ይሆናል፤ አንድ ጣት። እርሱን ለቀን 4ኛውን ክር 2ኛ ፍሬቱ ላይ ብንጫን ኢ ማይነር ይሆናል፤ እርሱም አንድ ጣት። የሁለቱ ድምፆች በሙሉ ከሜጀር ትዝታችን ውስጥ የወጡ ስለሆኑ ከዜማው ጋር አይጣሉም። ከመጽሐፍ የሚገኘው ዲ ሜጀር ግን ኤፍ ሻርፕ የምትባል በዚህ ትዝታ ውስጥ የሌለች ድምፅ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ዘፈን ይቀበላታል፤ ለእኛ ጆሮ ግን ብዙ ጊዜ ቅኝቱን ታደፈርሰዋለች። እኛ የምናስተምረው 4ኛውን ክር ባዶውን፣ 3ኛውን 2ኛ ፍሬቱ ላይ፣ 2ኛውን 3ኛ ፍሬቱ ላይ አድርጎ 1ኛውን ክር ሳይነኩ መምታት ነው። እንግዲህ አንዱ ዜማውን ሲለቅም ሌላው በእነዚህ ሦስቱ ያጅበዋል፤ ሁለት ጊታር፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ ዘፈን።

ስለ ልምምድ ወላጆች ብዙ ይጠይቁናል፤ ትምህርቱን ያስተጓጉለዋል ብለው የሚሰጉም አሉ። የምንጠይቀው በቀን 15 ደቂቃ ነው። በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ብቻ ከሚሠራ ሁለት ሰዓት ይበልጣል፤ ጣት የሚጠነክረውም እጅ የሚያስታውሰውም በመደጋገም ነው። የጣት ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆጠቁጣል፤ ከዚያ ቆዳው ይጠነክርና ይተዋል። ውኃ ከቋጠረ ግን እስኪድን ይረፍ። ገላ ከታጠቡ ወይም ዕቃ ካጠቡ በኋላ ቆዳው ስለሚርስ ወዲያው አይጫወቱ፤ ይህን የነገርናቸው አንዳንድ ልጆች ዕቃ ላለማጠብ ምክንያት አድርገውታል ተብለናል፤ ወላጆች ይጠንቀቁ። የእጅ አንጓ ወይም ክንድ ካመመ ግን የአያያዝ ችግር ስለሆነ ቶሎ ያሳዩን። ጊታሩንም ከነቦርሳው ቁም ሳጥን ላይ አትስቀሉት። ሳሎን ጥግ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ እጅ በሚደርስበት ይቁም። ተከድኖ የተቀመጠ ጊታር ሲነሳ አናይም።

የክበቡን ጊታሮች በዕረፍት ጊዜ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ ወላጅ መጥቶ ይፈርማል። ከመመለሳችሁ በፊት ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አንድ ክር ከተበጠሰ በቤት ውስጥ ገመድ ወይም በዓሣ ማጥመጃ ክር አትተኩት፤ መለዋወጫ ክሮቹ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ የወሰዳችሁትን የክሩን ቁጥርና ስማችሁን በደብተሩ ላይ ጻፉ።